ወንዝ የገቡት ቅምቡላዎች

ሎስ አንጀለስ
ማርች 3 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ጋሼ መኩሪያ

የጌታ ሰላም ከደጃፍዎ አይለይ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እርስዎስ? ጆሮዎ እንዴት ነው? ባለፈው ስደውል እኔ ከዚህ እየጮህኩ፣ እርስዎ ከዚያ «ማነህ? ማነህ?» እያሉ ካርዱ አለቀ። እናቴም «ያጎቴን ልጅ እኮ ጎኑ የፈነዳ ሞርታር ነው ያደነቆረው፤ ቁም ነገር ካለህ ጻፍለት» አለችኝ። ለሰው ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ስህተት ቢገኝ ይቅር ይበሉኝ።

ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር፣ ሙዚየሞቹ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። የሰው መኪና ተቀብዬ አቆማለሁ፣ ባለቤቱ ሲመጣ አውጥቼ እሰጣለሁ። ቁልፍ ሲያቀብሉኝ ፊቴን የሚያዩ ጥቂት ናቸው። በቀደም ከሥራ ወጥቼ ፌርፋክስ፣ የሀበሻው ሰፈር፣ ምሳ እየበላሁ፣ የስልክ ካርድ የሚሸጠው ዳኒ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ።

«ፍሬ፣ ፊልም ሊሠሩ ነው። ሶ፣ የሚፈልጉት ሀበሻ ፌስ ነው። ዩኒፎርም ይሰጡሃል፣ ላንች ይሰጡሃል፣ አንተ ዝም ብለህ መሮጥ ነው።»

«የምን ፊልም?»

«የጦርነት ነዋ! አገሩ ዛንዳራ ነው የሚባለው። ማፕ ላይ እንዳትፈልገው፣ የለም። ባንዲራውን፣ ማዕረጉን፣ ሁሉን ነገር ራሳቸው ክሪኤት አድርገውት ነው።»

ሄድኩ። የዛንዳራን ጦር መሣሪያ የሚሠሩት ቶራንስ የሚባል ቦታ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ሞርታሩ ነው። «ዜድ ሰማንያ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ የእግረኛ ጦር መካከለኛ ሞርታር ነው አሉ። ከአልሙኒየምና ከጎማ ሠርተው አረንጓዴ ቀብተውታል፤ ላየው ሰው የእውነት ነው። ችግሩ፣ ማን የት እንደሚቆምና ማን ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ዳይሬክተሯ ወጣት ሴት ናት። «ከእናንተ መካከል ይህ ነገር ሲተኮስ ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። እኔ እጄን አነሳሁና «አጎቴ ያውቃል» አልኩ።

ጋሼ፣ እባክዎ የሚያውቁትን ይጻፉልኝ። ስለ ድካምዎ ምን እንዲደረግልዎ እንደሚፈልጉም አብረው ይንገሩኝ። «ጠይቀው» ያለችኝ ዳይሬክተሯ ናት።

የእርስዎው ፍሬአብ

◆

ሞጆ
ሚያዝያ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬአብ

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፤ የሰው አገር ይመችህ። እኔ ጆሮዬ ሥር ካልተጮኸ ካለመስማቴ በቀር ደህና ነኝ። አለመስማትም የራሱ ጥቅም አለው፤ የሰፈር ሐሜት እኔ ዘንድ ሳይደርስ ነው የሚያረጀው።

ደብዳቤህ ደስ አሰኘኝ፤ አሳቀኝም። የሌለ አገር፣ የሌለ ጦር፣ የሌለ ሞርታር! እኛ የነበረውን ጦር የሚያስታውስልን አጥተናል፣ እናንተ ያልነበረውን ዩኒፎርም ታለብሳላችሁ። ይሁን፤ ጠይቀሃልና ልንገርህ።

ሞርታር ጠመንጃ አይደለም በላቸው። ጠመንጃ የያዘ ሰው የሚተኩስበትን ያያል። ሞርታሩ ላይ ያሉት ግን አያዩም፤ ከኮረብታ ጀርባ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ነው የሚልኩት። የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ ፊት ኮረብታው ላይ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዞ የተኛው። እሱ በራዲዮ ቁጥር ይሰጣል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጨምር፣ ቀንስ ይላል። እኔ ያ ሰው ነበርኩ። ተኳሹ የሰማውን ቁጥር ጮክ ብሎ መልሶ ይናገራል፣ ስህተት እንዳይኖር። ከዚያ ያነጣጥራል። አጉራሹ የሞርታሩን ጥይት፣ ቅምቡላውን፣ በሁለት እጁ ይዞ አፈሙዙ ላይ ያደርሳል፤ ሲታዘዝ ይለቅና አንገቱን ደፍቶ ዝቅ ይላል። ሌላው ቅምቡላ ያቀብላል።

የእኛ ልጆች ደግሞ አንድ የራሳቸው ነገር ነበራቸው። ቅምቡላው ከወጣ በኋላ ተኳሹ የአጉራሹን ትከሻ መታ አድርጎ «ወጣ» ይለዋል። «ወጣ» ሳይባል ሌላ አያጎርስም። አንዳንዱ ቅምቡላ ሳይተኮስ ውስጥ ይቀራል። ውጊያ ላይ ጎንህ ያለው ሁሉ ስለሚተኩስ፣ የወጣው የአንተ ይሁን የጎረቤትህ በጆሮህ አትለይም። በቀረው ላይ ሌላ ከተጨመረበት ሞርታሩ የገዛ ሰዎቹን ነው የሚፈጀው።

ተኳሼ ዳኛቸው ይባል ነበር፤ ብረቱን በመሸከም ብዛት በሃያ ምናምን ዓመቱ ጀርባው የጎበጠ። አጉራሼ ተፈሪ፣ የዚሁ የሞጆ ልጅ። ቅምቡላ አቀባዩ ወንድይራድ። ሦስቱንም ባንድ ቀን አጣኋቸው፤ አሁን በነገርኩህ ነገር ነው ያለቁት። ቀናት ሙሉ እንቅልፍ አላዩም ነበር። «ወጣ» ሳይባል ተፈሪ አጉርሶ ይሁን፣ ሳይወጣ ዳኛቸው «ወጣ» ብሎት ይሁን፣ የሚነግረኝ አልተረፈም።

ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ ላልከኝ፣ ገንዘብ አልፈልግም። የተፈሪ እናት እማማ ፀዳለ ከእኔ ቤት ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ጦሩ ሲበተን መጥቼ፣ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ይዤ፣ ጎህ ሳይቀድ መርዶውን ነገርኳቸው። «ሰው በአፉ ብዙ ይላል። የወታደር ሞት ተጽፎ ነው የሚመጣው። የታለ ጽሑፉ?» አሉኝ። የሚጽፍ መንግሥት አልነበረም፤ የላከው መንግሥት ወድቋል፣ የመጣው አያውቀውም። እድርተኛው ድንኳን ይዞ ቢሄድ መለሱት። እስከ ዛሬ አላለቀሱም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ ተዝካር አላወጡም። ሌሎቹ ሁለት ቤቶች አልቅሰው ወጣላቸው፤ እሳቸው ግን በቃ እንዲያው እንደ ደረቁ ቀሩ። ሳያቸው አንጀቴ ነው የሚቆረጠው።

ፊልም ሲያልቅ ስም ይጻፋል አይደል? የሦስቱን ልጆች ስም እዚያ ላይ አስጽፍልኝ። የሞተ ሰው ስም ተጽፎ መጣ ማለት ነው። ሌላ አልፈልግም።

መልካሙን ሁሉ ያድርግልህ፤ መኩሪያ

◆

ሎስ አንጀለስ
ሜይ 6 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ለውድ ጋሼ መኩሪያ

ያሰቡት ሁሉ በጌታ ፊት ሞገስ ያግኝ። ደብዳቤዎን ለዳይሬክተሯ ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩላት። የእማማ ፀዳለ ታሪክ ላይ ስንደርስ አለቀሰች። የእውነቴን ነው፣ ዕንባዋ ሽሮው ላይ ነው የወረደው። «ስማቸው ይጻፋል፤ ቃሌ ነው» ብላኛለች። እኔም በጌታ ስም ቃል እገባልዎታለሁ።

ሌላም ደስ የሚል ዜና አለኝ። ኮረብታው ላይ መነጽር ይዞ የሚተኛውን ሰው እኔ እንድሠራው ሰጥታኛለች! የርስዎን ቦታ ማለት ነው። ጥቂት ንግግርም አለው። አሁን የመጋዘኑ ሰዎች ሁሉ «ፍሬአብን ጠይቁት» ነው የሚሉት። እዚህ አገር ከመጣሁ አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ሳምሪን ያውቋታል አይደል፣ እናቴ ፎቶዋን አሳይታዎታለች፣ ልንጋባ ያሰብነው ልጅ። «ደግሞ እንዳትኮፈስ» እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን ዳይሬክተሯ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሦስት ልጆች ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ የሚያሳይ አንድ ቀን ትፈልጋለች። ፊልሙ በዚያ ላይ እንዲመሠረት ነው። እርስዎ የማይረሱት ቀን የትኛው ነው?

ፍሬአብ

◆

ሞጆ
ሰኔ 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬአብ

ምርቃቴ ካለህበት ይድረስህ። የእኔን ቦታ መያዝህን ለሰው ሁሉ ነገርኩ። እንግዲህ መነጽር ስትይዝ ክርንህን መሬት ላይ ተክለህ ያዝ፤ አለዚያ እጅህ ይንቀጠቀጣል።

የማልረሳው ቀን አንድ ነው። የጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ላይ ከአንድ ወንዝ ወዲህ ሰፍረን ነበር። ማዶ ትንሽ ከተማ አለች፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትምህርት ቤቷ ነው። አማፂው ገብቶበታል ተባለና ትምህርት ቤቱን አፍርሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። የሻለቃችን አዛዥ ራሱ ከሞርታሩ ኋላ መጥቶ ቆመ። እኔ ኮረብታው ላይ ሆኜ በመነጽር ሳይ፣ አንድ ወታደር የለም። ሴትና ልጅ ግን ሞልቷል። የከተማው ሰው ሁሉ የድንጋይ ግድግዳ ያስጥለናል ብሎ እዚያ ተጠግቷል። አንዲት ልጅ አጥሩ ላይ ልብስ ስታሰጣ አይቻታለሁ።

«ሲቪል ነው ያለው» ብል አዛዡ ይሰማል፤ እኔን አስነስቶ ሌላ ይልካል። ስለዚህ ቁጥር ሰጠሁ። የሰጠሁት ግን የወንዙን ቁጥር ነው። ዳኛቸው ሙያተኛ ነው፤ ጠዋት ያንኑ ወንዝ ስንለካ ነበርና ወዲያው ነቃ። ከዚያ ዳኛቸው አዛዡ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ኮራ ብሎ ቁጥሩን መለሰልኝ። ተፈሪም ወንድይራድም ያውቃሉ። አንዳቸው ቢተነፍሱ አራታችንም እንረሸናለን። ተፈሪ አጎረሰ፤ ዳኛቸው ትከሻውን መታ አድርጎ «ወጣ» አለው፤ ደግሞ አጎረሰ። የነበረንን ቅምቡላ ሁሉ ወንዝ ከተትነው። እኔ በራዲዮ «መታ! መታ!» እላለሁ፣ የሚነሳው ውኃ ነው። አዛዡ አመስግኖን ሄደ።

በኋላ ስንገናኝ ተፈሪ «ሃምሳ አለቃ፣ ዓሣው ምን አደረገን?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ የሳቅሁበት ጊዜ የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ነው ያለቁት።

ይህንን ቀን አሳዩልኝ። ለእማማ ፀዳለ ስነግራቸው «ሊያጽናናኝ ነው» እያሉ አያምኑኝም። ባዕድ ሰው ሠርቶት ሲያዩት ግን ያምናሉ።

መኩሪያ

◆

ሎስ አንጀለስ
ኦገስት 25 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ለውድ ጋሼ መኩሪያ

ሰላምዎ ይብዛ። በሥራ ብዛት ቆየሁብዎ። ቀረጻው አለቀ። ከከተማ ወጣ ብሎ ደረቅ ኮረብታ አለ፤ እዚያ ነው የሠራነው። ከፌርፋክስም ጥቁር አሜሪካውያን ከሚኖሩበት ከክሬንሾውም የመጣ ሰው አንድ ላይ የዛንዳራ ጦር ሆነ። ዳኒ መቶ አለቃ ሆኖ ነበር፤ ሲሮጥ ጫማው ወልቆ ሁሉንም አሳቀ። «ዜድ ሰማንያ» ቀላል ስለሆነ በአንድ እጅ ነው የሚነሳው፤ ተዋናዮቹ ከባድ አስመስለው እንዲይዙት ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ትከሻ መታ አድርጎ «ወጣ» ማለቱን ግን ሁሉም ወደደው። በአማርኛ እንዳለ ነው የተውነው።

ዳይሬክተሯ ሦስቱ ተዋናዮች ተፈሪ፣ ዳኛቸውና ወንድይራድ እየተባሉ እንዲጠሩ አደረገች። ስማቸው መጨረሻ ላይም ይጻፋል። የወንዙ ታሪክ ትንሽ ተነካክቷል። የፊልም ነገር ያው ያውቁታል፣ ማሳጠር አለ።

ሥራ ስለምገባ እዚህ ላይ ላቁም።

ፍሬአብ

◆

ሞጆ
ጥቅምት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬአብ

ዕድሜህን ያርዝመው፤ የወላድ አንጀት ያራስክ ነህ። በአንድ እጅ የሚነሳ ሞርታር የሚለው ግን ጉድ ነው! ዳኛቸው ይህን ሳይሰማ ማለፉ። እስከ ዛሬ የተረፍኩት ለካ እናንተን ለማየት ነው።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ አንብብ። ከእድሩ ዳኛ ጋር ሆነን እማማ ፀዳለ ቤት ሄድን። የተፈሪ ስም ተጽፎ ሊመጣ ነው አልኳቸው።

«ማን ጻፈው?»

«አሜሪካኖች ናቸው። የኛው ልጅ አለበት። ልጅዎ የሠራውን ሁሉ በፊልም አድርገው ያሳያሉ።»

«አሜሪካኖች ልጄን በምን አወቁት?»

«እኔ ነገርኳቸው። እኔ የነገርኩትን ነው የሚያሳየው፤ አንድም አይጨምሩም።»

«ማል» አሉኝ። ማልኩ። «እንግዲያው ሲመጣ ድንኳን ትከሉልኝ» አሉ። ፍሬአብ፣ ስንት ዘመን የጠበቅሁት ቃል መሰለህ! የእድሩ ዳኛ ወጥቶ አጥር ተደግፎ አለቀሰ። አሁን እሳቸው ገብስ እያስፈጩ ነው። ለተዝካሩ ጠላ ይጠመቃል፣ ሰውም ከያለበት ይጠራል።

የምጠይቅህ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ፊልሙ መቼ እንደሚወጣ ንገረኝ፤ «ትንሽ ተነካክቷል» ያልከውም ምን እንደሆነ ጻፍልኝ።

መኩሪያ

◆

ሞጆ
የካቲት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለፍሬአብ

ደህና ነህ ወይ? መልስ አጣሁ። እናትህን በሰው ባስጠይቅ ደህና ነው፣ ከሳምሪ ጋር ቀለበት አስረዋል አለችኝ፤ እንኳን ደስ አለህ። እማማ ፀዳለ ባገኙኝ ቁጥር በእጃቸው ምልክት ይጠይቁኛል፤ መቼ? እኔም በእጄ፣ ደርሷል እላቸዋለሁ። መስማት የተሳነኝ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ዲዳም ሆንኩ። አንድ መስመር ጻፍልኝ።

መኩሪያ

◆

ሎስ አንጀለስ
ጁን 14 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ጋሼ መኩሪያ

በጌታ ፍቅር ሰላም እልዎታለሁ። ስላልጻፍኩ በጣም አዝናለሁ። ሥራ ቀይሬ ነበር፤ ቤትም ቀየርን። ደብዳቤዎ አልደረሰኝም እንዳልል ደርሶኛል።

ፊልሙ ወጥቷል። ብዙም አልታየ። ለአፍሪካ የሚሸጡት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ባይጠብቁት ጥሩ ነው። ደግሞ እዚያ አገር ቢደርስ እንኳ፣ ደም የበዛበት ስለሆነ ለአረጋውያን አይሆንም። እማማ ፀዳለም በዚህ ዕድሜያቸው ልባቸው አይችለውም። ሌላ መንገድ ቢፈለግ ይሻላል። ለምሳሌ እኔ ስማቸውን በጥሩ ወረቀት አሳትሜ፣ ፍሬም አስደርጌ ልልክ እችላለሁ። እዚህ አሪፍ አድርገው የሚሠሩ አሉ።

ሳምሪ «ደውልላቸው፣ ሼም ነው» ትለኛለች። ስልክ እንደማይሰሙ ነገርኳት። ለተዝካሩ ትሆናለች ብዬ በእናቴ በኩል ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ እባክዎ እንዳይመልሱብኝ። የሚጻፈው ሁሉ በኔ እጅ አልነበረም፤ እኔ መኪና የማቆም ሰው ነኝ። ይህን እንዲረዱልኝ ነው የምፈልገው።

ፍሬአብ

◆

ሞጆ
ጥቅምት 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአቶ ፍሬአብ

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። ከዚህ በላይ ምርቃት ብፈልግ አጣሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ፊልሙን ካየን በኋላ ነው። ለአፍሪካ አይሸጡትም ያልከው እውነት ነው፤ አልሸጡልንም። ቪዲዮ ቤት ያለው ልጅ የፊልሙን ስም ከእናትህ ጠይቆ ከኢንተርኔት አወረደው። እኔው ነኝ ያስወረድኩት። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የዳኛቸው እህት ከአሰላ መጣች። የወንድይራድ ወንድሞች መጡ። እማማ ፀዳለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ግሩም ቆሞ እየጮኸ ይተረጉማል። መጀመሪያ የወጣውን ጽሑፍ ሲያነብ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» አለ። እማማ ፀዳለ እጄን ያዙኝ።

ተፈሪ ነው የተባለው ልጅ ቅምቡላ ይዞ ወጣ። ዳኛቸው የተባለው ትከሻውን መታ አድርጎ «ወጣ» አለው፣ በኛው አማርኛ፤ ከአፉ አነበብኩት። እሳቸው እጄን ጨመቁት። «ይኼ ነው የኔ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም።

ከዚያ አንተ መጣህ። ኮረብታው ላይ ተኝተህ፣ ክርንህን መሬት ላይ ተክለህ፣ እንዳስተማርኩህ። ትምህርት ቤቱ ታየ። ልጆቹ ሲሮጡ አየሃቸው። አየሃቸውና ሳቅህ፤ በራዲዮም ተናገርክ። ግሩም መተርጎሙን አቆመ። «ምን አለ?» አሉት እማማ ፀዳለ። መሬት መሬት አየ። እኔ ጆሮ የለኝም፤ ግን ያን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም ነበር። ተፈሪ አጎረሰ፣ «ወጣ» ተባለ፣ ትምህርት ቤቱ ነደደ። ደግሞ አጎረሰ። ሦስቱም ይሳሳቁ ነበር። መጨረሻ ላይ የፊልሙ ጀግና መጥቶ ገደላቸው፣ ሰውም ሊያጨበጭብ የሚገባው እዚያ ላይ ነው መሰለኝ።

የዳኛቸው እህት ተነሥታ ወጣች። የወንድይራድ ወንድሞች ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እማማ ፀዳለ ግን ከወንበራቸው አልተንቀሳቀሱም። «ስሙን አሳዩኝ» አሉ። ስሙ መጣ። ግሩም አነበበላቸው፤ ተፈሪ። ቃልህን ጠብቀሃል፤ ተጽፏል። ያን ጊዜ ደረታቸውን ደቁ። ስንት ዘመን የታመቀ ለቅሶ ነበር ያለቀሱት፤ አባብሎ የሚያስቆማቸው ጠፋ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አስጠሩኝ።

«ያጎረሰ ሰው አያይም ብለኸኝ ነበር። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ልጄ አላየም። ያየኸው አንተ ነህ።»

«እማማ፣ ፊልሙ ውሸት ነው! እኛ ወንዝ ውስጥ ነው የተኮስነው፤ አንድ ልጅ አልሞተም!»

«ውሸት ነው? የነገርኳቸውን ነው የሚያሳየው፣ አንድም አይጨምሩም ብሎ የማለልኝ ማነው?»

የማልኩት እኔ ነኝ። የማልኩት ባንተ ቃል ነው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ቢሰድቡኝ እንዴት በወደድኩ። «እስከ ዛሬ ለኔ ብለህ ነው የደበቅከው፤ አውቄያለሁ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። ያላደረግሁትን ይቅር አሉኝ፣ ፍሬአብ። እምቢ ብል ክህደት ይመስላቸዋል፤ እሺ ብል ሦስቱን ልጆች በእጄ ገዳይ አደረግኋቸው። ተነሥቼ ወጣሁ። አሁን የእድር ስብሰባ ስገባ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል።

ያጠፋኸውን አቃናልኝ አልልህም። መኪና የማቆም ሰው ነኝ ብለሃል። ተፈሪም ጥይት የማጉረስ ሰው ነበር፤ አዛዡ ከኋላው ቆሞ ነበር፤ ቢተነፍስ ይሞት ነበር፤ ዝም ብሎ ወንዝ ውስጥ ላከው። አንተ ከኋላህ ማን ነበር? በእናትህ በኩል የላክኸው ነገር እሷው ዘንድ አለ፤ ጠላውን ሰው ሳይቀምሰው ደፍተነዋል፣ ተዝካር አልወጣም።

ያልወጣበትን ምክንያት ልንገርህና ላብቃ። እማማ ፀዳለ «የልጄ ነፍስ በምግብ አይማርም፤ መጀመሪያ እነዚያን እናቶች ይቅርታ ልጠይቅ» ብለዋል። እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክመው በእናቶቹ ደጅ ሊወድቁ ነው። ወንዙ ማዶ ያለችውን ከተማ ላሳይዎት፣ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ቆሟል፣ ልጆቹ አድገው ወልደዋል፣ በዓይንዎ ይዩዋቸው ብዬ ለመንኳቸው። «በሕይወት ያሉትን ምን ላድርጋቸው? የሞቱባቸውን ነው የምፈልገው» አሉኝ። በየቀኑ ግሩምን እየጠሩ ያ ከተማ ማን ይባላል ይሉታል። ዛንዳራ የሚባል አገር ነው አላቸው፤ ልጅ ነው፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ። አሁን ወደ ዛንዳራ በየት በኩል እንደሚኬድ ነው የሚጠይቁኝ።

እኔ መንገዱን አላውቀውም። ሄደህ የመጣኸው አንተ ነህና ጻፍላቸው። ድንጋዩን ራሳቸው መርጠው በር ላይ አስቀምጠዋል፤ መልስህን እየጠበቁ ነው።

መኩሪያ